ጣት የሚያነሱት ዳኛ

በ1959 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ በርድ ለዮርክሻየር ካውንቲ የክሪኬት ቡድን ተሰልፈው በግላሞርጋን ቡድን ላይ 181 ነጥብ አስቆጠሩ፤ ያስወጣቸውም አልተገኘም። በቀጣዩ ጨዋታ ከቡድኑ ተቀነሱ። የበርንስሊ ከተማው የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ፣ ሁሉም «ዲኪ» የሚላቸው ሰው፣ በዚያው ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌላ ቡድን፣ ወደ ሌስተርሻየር ሄዱ። እዚያም አልሆነላቸውም። ተሰጥኦ አላነሳቸውም፤ ያሰናከላቸው ጭንቀት ነበር። በ1964 የካውንቲ ክሪኬት መጫወት አቆሙ።

በ1970 የዳኞችን ነጭ ካፖርት ለብሰው በዳኝነት ተመለሱ። ጭንቀቱ አብሯቸው መጣ፤ ግን ለመቺ ጠላት የሆነው ጠባይ ለዳኛ ሀብት ነው።

ምክንያቱም የክሪኬት ዳኛ ከባዱ ፍርድ በግምት የሚሰጥ ነው። ኳሷ የመቺውን እግር ስትመታ ወርዋሪውና ጓደኞቹ ይጮኻሉ፤ ካልጠየቁት ዳኛው አይፈርድም። እግሩ ባይኖር ኳሷ ከኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ትመታ ነበር ወይ? ቀድማ የነጠረችውስ የት ላይ ነው? ያኔ በካሜራ የሚታገዝ የይግባኝ ሥርዓት አልነበረም። ዳኛው ካመነ አመልካች ጣቱን ያነሳል፣ መቺውም ይወጣል። ከተጠራጠረ ጥርጣሬው ለመቺው ነው። በርድ በዚህ ጥብቅ ነበሩ፤ ወርዋሪዎች ጣታቸው አልነሳ እያለ ያማርሯቸው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ዳኛ እመርጣለሁ።

ጥንቃቄያቸው አንዳንዴ ያስቅ ነበር። በ1995 ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ላይ ከመስታወት የተንጸባረቀ ፀሐይ ዓይን ስለወጋ ጨዋታ አስቆሙ፤ እንግሊዝ ውስጥ በብርሃን ብዛት! በ1973 ሎርድስ ሜዳ ላይ የቦምብ ማስፈራሪያ ሲመጣ ደግሞ ሜዳው መሀል፣ የመጫወቻውን መስመር በሸፈነው ሸራ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

በአገሮች መካከል የሚደረጉትን ባለ አምስት ቀን ግጥሚያዎች 66 ጊዜ ዳኙ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎችም እንዲሁ።

የመጨረሻው ባለ አምስት ቀን ግጥሚያቸው በ1996 ሎርድስ ላይ እንግሊዝ ከህንድ ያደረጉት ነበር። የሁለቱ ቡድኖች ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በጭብጨባ ሲቀበሏቸው አለቀሱ። ጨዋታው ከተጀመረ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ግን የህንዱ ስሪናት የወረወራት ኳስ የእንግሊዙን አምበል ማይክ አተርተንን እግር መታች። ህንዶቹ ጮኹ። ጣት በማንሳት ሲሰስቱ የኖሩት ዳኛ አላመነቱም፤ አምበሉ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ወጣ።