ተራራው የጋረደው ወይስ ኮምፒውተሩ የጣለው? በሶፍትዌር ስለሚሠራ ሬዲዮ የተሰጠ ገለጻ



የዛሬው ገለጻዬ ከመንዝ ይነሣል። የኤፍኤም ሞገድ ከሞላ ጎደል በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው የጓሣ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው የሩቅ ጣቢያ ሊሰማ ይችላል፤ መርሐቤቴ ወርዶ በጀማ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ግን ተራራው ይጋርደዋል። ይህን ልዩነት እስከ ግሼ ድረስ በየቦታው ለመመዝገብ ከተማሪዎቼ ጋር ስንነሣ የያዝነው አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አርቲኤል-ኤስዲአር የተባለውን ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ ነበር። መቀበያው የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ጥሬ ናሙናውን በቀጥታ ለኮምፒውተር ያቀብላል። ማጣራቱንና ድምፁን መፍታቱን ኤሪክ ብሎሰም እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ግኑ ሬዲዮ የተባለው ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ይሠራዋል።

ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። በመስኮቱም ላይ «ኦ» የምትለው የላቲን ፊደል ትደረደራለች፤ ኮምፒውተሩ ስላልደረሰበት ናሙና ፈሰሰ ማለት ነው። ጉዳዩ የጆሮ ምቾት ብቻ አይደለም። በመዝገባችን ላይ ባዶ የሆነውን ቦታ ተራራው ጋርዶት ነው ወይስ ኮምፒውተሩ ጥሎት? ሁለቱን ካልለየን፣ ሬዲዮ የሚደርሰውን መንደር «አይደርሰውም» ብለን ልንጽፍ ነው።

ተማሪዎቹ አዲስ ላፕቶፕ ይገዛ አሉ። እኔ ደግሞ ሳልለካ ጥፋቱን ያወቅሁት መስሎኝ፣ ድምፁን ከሞገዱ የሚፈታውን የአርክታንጀንት ስሌት በቬክተር ትእዛዝ እንደገና ስጽፍ ሁለት ሳምንት አጠፋሁ። ለውጡ በጆሮ የሚለይ አልነበረም። ግኑ ሬዲዮ አርክታንጀንቱን ቀድሞውኑ ከተሰናዳ ሰንጠረዥ ያነባል። ጂን አምዳልም እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳየው ነገር አለ፤ ከጠቅላላው ጊዜ 5 በመቶ የሚወስድን ክፍል ፈጽሞ ብናጠፋው እንኳ የምናተርፈው ያንኑ 5 በመቶ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ፐርፍ የተባለውን የሊኑክስ መለኪያ አስነሣች፤ ጊዜውን የሚበላው ማጣሪያው ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መቀበያውን ያዘጋጀነው በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና እንዲሰጥ ነው፤ እያንዳንዱ ናሙና ጥንድ ቁጥር ነው። አንድ የኤፍኤም ጣቢያ 200 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሚይዝ፣ ከተጣራ በኋላ በሴኮንድ 240 ሺህ ናሙና ይበቃናል። ማጣሪያችን 100 ኮኤፊሸንት ነበረው፤ ስለዚህ 2.4 ሚሊዮን በ100፣ እንደገና በ2 ሲባዛ፣ በሴኮንድ 480 ሚሊዮን ማባዛት ይሆናል። ከማጣሪያው ቀጥሎ ያስገባነው ብሎክ ደግሞ ከየአሥሩ ውጤት አንዱን ይዞ ዘጠኙን ይጥላል። አሥር ባና ሸምኖ ዘጠኙን ገደል የሚሰድ ሸማኔ መንዝ ውስጥ አይገኝም፤ እኛ ያደረግነው ግን ይህንኑ ነው።

የዚህ ማጣሪያ እያንዳንዱ ውጤት የሚሰላው ከገቢ ናሙናዎች እንጂ ከቀደመው ውጤት አይደለም። ስለዚህ የሚጣለውን ከመጀመሪያው አለማስላት ይቻላል፤ የሚቀረው ውጤት ቅንጣት አይለወጥም። (የቀደመ ውጤቱን መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል አይቀልም ነበር።) በማጣሪያው ብሎክ ላይ ዴሲሜሽን በሚለው ቦታ 1 የነበረውን 10 አደረግን፤ ተከታዩን ብሎክ አወጣን። 480 ሚሊዮኑ 48 ሚሊዮን ሆነ፤ «ኦ»ም ጠፋች።

ቀድመን ያላየነው የኮምፒውተሩ አጠቃላይ ጫና ግማሽ ገደማ ብቻ ያሳይ ስለነበር ነው። ግኑ ሬዲዮ ለእያንዳንዱ ብሎክ የራሱን ትሬድ ይሰጣል። ባለሁለት ኮር ማሽን ላይ ማጣሪያው አንዱን ኮር ሙሉ በሙሉ ሲይዝ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ አማካዩ ግማሽ ይሆናል፤ ሰንሰለቱ ግን ከዘገምተኛው ብሎክ ፍጥነት አያልፍም።

የቬክተር ትእዛዝን ጥቅም መካዴ አይደለም። ቮልክ የተባለው የግኑ ሬዲዮ ላይብረሪ አንዱን ስሌት ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች በተለያየ መልክ ጽፎ ይዟል፤ ቮልክ ፕሮፋይል የተባለውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብታስኬዱ በማሽናችሁ ላይ ፈጣኑን ለክቶ ይመርጣል። ማጣሪያውም በዚሁ ይጠቀማል።

ማጣራቱ በሁለት ደረጃ፣ መጀመሪያ በ5 ከዚያም በ2፣ ቢከፈልስ የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ሊያጥር ስለሚችል ስሌቱ ይቀንሳል፤ ለእኛ መጠን ግን ትርፉ ትንሽ ስለሆነ አልደከምኩበትም። የባሰው ሥራ የቆየን ሌላ ነበር፤ የመጀመሪያውን መዝገብ ሙሉ በሙሉ ጥለን ልኬታውን እንደገና ከጓሣ ጀመርን።