ለሹም የዘፋኝ ጥያቄ፣ ለዘፋኝ የሹም ጥያቄ

ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ድምፃዊት በሳምንታዊው የጨዋታ ዝግጅታችን ላይ ቀርባ፣ አዲሱን አልበሟን ስለ ሠራችበት ድካም፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ስትሻገር ድምፅዋ የሚሰናከልባትን ቦታ እንዴት እንደምታልፈው፣ ደግሞም ማሲንቆ ይመቱ የነበሩት አያቷ የሠርግ ቤት ግጥም እንዴት አድርገው እንዳስተማሯት በሰፊው አጫውታን ከሄደች በኋላ የደረሰብኝ ወቀሳ፣ ይኸው ወራት አልፈውት ዛሬም ያብሰለስለኛል። ወቀሳው ባጭሩ፣ አገር በዚህ መከራ ውስጥ ሳለች ስለ ቅኝት ታስወራታለህን፣ አቋሟንስ ስለ ምን አልጠየቅሃትም የሚል ነበር። አንድ አዛውንትም ስልክ ደውለው፣ «ልጄ፣ ዘፋኝ የሕዝብ ነው፤ የማን ወገን እንደ ሆነች ሳናውቅ እንዴት እንሰማታለን?» አሉኝ። ከእርሷ በፊት በነበረው ሳምንት በዚያው ሶፋ ላይ የተቀመጡት አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ግን፣ ስለ ልጅነታቸውና ስለ እናታቸው ሽሮ ተናግረው፣ በመጨረሻም ከባንዱ ጋር ከጥላሁን ገሠሠ ዜማ አንድ አንጓ አዚመው ሲወርዱ፣ ያው ተመልካች «ምን ያሉ ትሑት ሰው ናቸው!» እያለ አመሰገናቸው፤ ስለሚመሩት መሥሪያ ቤት ያነሣሁባቸውን ሁለት ጥያቄ በፈገግታ ብቻ እንዳለፏቸው ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ከፖለቲካም ከዘፈንም እያነሣ የሚጫወት አቅራቢ፣ ሁለቱን ለምን ቀላቀልሃቸው የሚለውን ክስ መልመድ አለበት። እኔ ለምጄዋለሁ፤ መልሱም አያስቸግረኝም፤ የቀላቀልናቸው እኛ አይደለንምና። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት አዝማሪውንና ገጣሚውን ያሰባሰበው፣ ጠላት በድንበር ላይ ስለ ነበረ ሕዝቡን ለማንቃት እንጂ ምሽቱን ለማሳለፍ አልነበረም፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላም ግራዚያኒ ከጠንቋዩና ከባሕታዊው ጋር አዝማሪውን ጭምር እየለቀሙ እንዲገድሉ ያዘዘው፣ የማሲንቆ ድምፅ ጆሮውን አሳምሞት አልነበረም። ስለዚህ ስለ መቀላቀሉ አልከራከርም። የምከራከረው፣ ያውም በስብሰባም በለቅሶ ቤትም እስኪታክተኝ ድረስ የምከራከረው፣ ጥያቄዎቹ አድራሻቸውን ስተው፣ ለሹም የሚገባው ለዘፋኙ፣ ለዘፋኙ የሚገባው ለሹም እየተሰጠ ስለ መዋሉ ነው።

አንድ ሹም ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ መልእክት ይደርሰናል። «ጨዋታው ቀለል ያለ ይሁን፤ እንደ ሰው እንያቸው» ይላል፤ ከሥሩም የተወለዱበት መንደር፣ የልጅነት ቅጽል ስማቸው፣ የሚወዱት ወጥና የሚወዱት ዘፈን ተዘርዝሯል፤ የዘፈኑ ርእስ የሚላከው ባንዱ እንዲለማመድበት ነው። እንደ ሰው እንያቸው! ሰው መሆናቸውን የተጠራጠረ ማን አለ? እኛ የተጠራጠርነው በጀቱን ነው። ቀላል ጥያቄ ከወገንተኝነት የጸዳ ነው የሚለው እምነት በሙያችን ውስጥ ሥር ሰድዶ ባላየው ኖሮ እንዲህ አልመረርም ነበር፤ ማስታወቂያው ተቀንሶለት፣ የባንዱ መግቢያና መውጫ ተቀንሶለት የሚቀረው ሰዓት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ስለ እናት ሽሮ የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ እስረኛ ሊጠየቅበት ይችል ከነበረው ላይ የተነሣ ደቂቃ ነው፤ ይህንንም ሹሙ ከእኛ ይልቅ አጥብቆ ያውቀዋል።

ይህ ብልሃት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ኒክሰን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 የካሊፎርኒያን አገረ ገዥነት ምርጫ ተሸንፎ፣ በፖለቲካ ረገድ ሞተ ተብሎ ተዝካሩ ከተበላለት በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በጃክ ፓር ዝግጅት ላይ ራሱ የደረሰውን ዜማ በፒያኖ ተጫወተ፤ ቢል ክሊንተንም በ1992 በአርሴንዮ ሆል መድረክ ላይ ጥቁር መነጽር አጥልቆ ሳክስፎን ነፋ፤ ሁለቱም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ክሊንተን ከሳክስፎኑ በኋላ ተቀምጦ ከአቅራቢው ጋር ስለ ሎስ አንጀለሱ ሁከት መነጋገሩን የሚያስታውስ ግን ዛሬ ጥቂት ነው፤ ዘፈኑ ጭውውቱን ውጦታል።

ዘፋኙስ? ዘፋኙ ከመቀመጡ በምእመናን ፊት ጸሎተ ሃይማኖቱን እንዲደግም ይታዘዛል። ስለ ጦርነቱ ምን ትላለህ፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማው ምን ትያለሽ፣ ያንን ሰው ታወግዣለሽ ወይስ አታወግዢም? ሰምና ወርቅ ባለበት አገር፣ ወርቁን ፈልፍሎ ማውጣት የሰሚው ድርሻ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ባለቅኔውን ራሱን በመብራት ፊት አስቀምጦ «በል ወርቁን አውጣልን» ማለት ከቶ ምን ዓይነት አድናቆት ነው? ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ጥላሁን ገሠሠ ለጊዜው ወኅኒ የወረደው፣ በማንም ሶፋ ላይ ተቀምጦ አቋሙን ስላስረዳ አልነበረም፤ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞንም የቴዲ አፍሮን «ያስተሰርያል» ከየታክሲው የሚያስጮኸው ሕዝብ ትርጓሜውን የሚነግረው አቅራቢ አላስፈለገውም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሲገደል፣ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በቴሌቪዥን የሰጠው ቃለ ምልልስ ብዙ ሰው ሲያነጋግርና ሲያቆጣ ሰንብቶ ነበር። አንዱን ከሌላው ማያያዝ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለዘፋኝ የማቀርበውን ጥያቄ ስጽፍ፣ እንግዳዬ ከቀረጻ ሲወጣ በምን እንደሚሄድ አስባለሁ። ሹሙ በአጃቢ መኪና ይሄዳል፤ አዛውንቱ «የሕዝብ ናት» ያሏት ድምፃዊት ግን ሌሊት በአምስት ሰዓት በራችን ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ራይድ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ከተናገረችው ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ተቀንጭቦ፣ ፊትና ኋላው ተቆርጦ በቲክቶክ ሲዞር፣ ቅንጭቡን የቆረጠው ሰው ማን እንደ ሆነ እንኳ አይታወቅም፤ የእርሷ መልክና ድምፅ ግን ይታወቃል።

ይህን ስል ዘፋኝ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው የሚሉት ወገኖች ደስ እንዳይላቸው። ያገናኘዋል እንጂ! የሚያገናኘው ግን እነርሱም አዛውንቱም በሚያስቡት በር አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የዜማ ደራሲው ሥራው በተሰማ ቁጥር ሊከፈለው የሚገባ መብት አለው፤ ካሴቱም ሲዲውም ከገበያ ከጠፋ በኋላ ሙዚቀኛው የሚበላው ከመድረክ ሆኗል፤ መድረኩ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም ትኬት ተሸጦ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ የድምፅ መሣሪያ ተከራይቶ ካለቀ በኋላ በዋዜማው ሲሰረዝ ያየን እናውቃለን። ይህ ነው የዘፋኙ ፖለቲካ፤ ስለዚህም ጉዳይ ሲጠየቅ የማይናገር ሙዚቀኛ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቁጥር እየጠቀሰ፣ ቀን እየጠቀሰ፣ ደብዳቤውን ከቦርሳው እያወጣ ይናገራል፤ ተመልካቹ ግን ያን ጊዜ ቻናል ይቀይራል፤ አዛውንቱም ስለዚህ ደውለውልኝ አያውቁም።

መልስ ሰጪው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን፣ የሚወደውን ዘፈን አስቀድሞ የሚልክልን ሹም ነው። በቅርቡ አንድ ባለሥልጣን እንደ ልማዱ የዘፈናቸውን ርእስ ላኩልን፤ ባንዱ ዜማውን ተለማመደ፣ እኔም የራሴን ተለማመድሁ። አዚመው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ውኃቸውን ከተጎነጩ በኋላ፣ አሁን ያዜሙት ዘፈን ደራሲ ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ስንት እንደሚደርሰው፣ የሙዚቃ ዝግጅት ፈቃድ በዋዜማው ሲሰረዝም ደብዳቤውን የሚፈርመው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ይህ የእኛን መሥሪያ ቤት አይመለከትም» አሉኝ። እንግዲያስ የማንን ይመለከታል ስላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ ሌላ ጊዜ ከባለሙያዎች ጋር እንደሚመጡ ቃል ገቡ። ከቀረጻው በኋላ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያቸው ኤዲቲንግ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ያ ጥያቄ እንዲወጣ፣ ዘፈኑ ግን ሳይቆረጥ ሙሉውን እንዲተላለፍ በትሕትና ለመነን። ሁለቱንም አስተላለፍናቸው፤ ባለሙያዎቹን እስካሁን እየጠበቅን ነው።