ያውቁ ኖሯል? ሞት መንገዱን የሚቀይርበት ጨዋታ

«ዴድ ሴልስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የሠራው ሞሽን ትዊን በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የተመሠረተ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ኅብረት ነው። አለቃ የለም፤ ደመወዝም ለሁሉም እኩል ነው። ጨዋታው ገና ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሽያጭ ቀርቦ፣ በተጫዋቾች አስተያየት እየታረመ ቆይቶ በ2018 ተጠናቆ ወጣ። በዚያው ዓመት በ«ዘ ጌም አዋርድስ» የምርጥ አክሽን ጨዋታ ሽልማትን ወሰደ።

ተጫዋቹ የሚመራው ራስ የሌለው በድን ነው፤ ወረርሽኝ በፈጀው ደሴት፣ ከእስር ቤት ወለል ላይ ይነሳል። ሲሞት መሣሪያውና ወርቁ ይጠፋሉ፤ ጉዞውም ከእስር ቤቱ እንደገና ይጀምራል። ከጠላቶቹ የሚለቅመውን «ሴል» ግን በየምዕራፉ መሸጋገሪያ ለሚጠብቀው ሰብሳቢ ካስረከበ፣ ለሚቀጥሉት ሙከራዎች ሁሉ የሚቆይ ማሻሻያ ይከፍትበታል። ሳያስረክብ ከሞተ ሴሉም ይጠፋል። ወደ መሸጋገሪያው በር ጥቂት እርምጃ ሲቀር ልብ የሚመታው ለዚህ ነው።

መንገዱን በቃል መያዝም አይቻልም። ክፍሎቹን ሰዎች በእጃቸው ነድፈዋቸዋል፤ አቀማመጣቸውን ግን ኮምፒውተሩ በየሙከራው እንደ አዲስ ያዋቅረዋል። ስለዚህ የሚጠናው ጠላት የሚመታበት ስልት ነው። የጨዋታው ትልቁ ውበት ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ መንገዳቸው በየሙከራው የሚቀያየር፣ ሞትም ከመነሻ የሚያስጀምርባቸው ጨዋታዎች ዘውግ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1980ው «ሮግ» ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ ጭራቆቹ የላቲን ፊደላት ነበሩ።

አዲስ ጀማሪ ከሆኑ፣ የመጀመሪያ ሴሎችዎን ለመድኃኒት ጠርሙስ ማሻሻያ ያውሉ።