ለበዓል የተያዘው መኪና ሳይሞላ ሲቀር ኪሣራው የማን ነው?

ለጎንደር ነጋዴ በዓመቱ ውስጥ ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ጊዜ የሚያህል ፈታኝ ወቅት የለም ለማለት ይቻላል። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ጥምቀት ምንጊዜም ጥር 11 ቀን ነው። በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ 12 ወይም 13 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ነጋዴው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ለሁለት የተለያዩ ገበያዎች ዕቃ ማስገባት ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ጾም የሚፈታበት የየቤቱ ገበያ ነው፤ ዘይቱ፣ ቅቤው፣ ዶሮው፣ ሽንኩርቱ። ሁለተኛው የእንግዳ ገበያ ነው፤ ውኃው፣ ለስላሳው፣ ቢራው፣ የአገር ልብሱ። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ፣ ሰላም በሆነ ዓመት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚመጣውን እንግዳ ብዛት አስቀድሞ መገመት ይበልጥ ከባድ ሆኗል።

የዚህ ግምት ስሕተት ዋጋ አለው። ጥያቄው ማን ይክፈለው የሚለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር የሚገባ የጭነት መኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ዕቃው የሚፈለገው በሰሜን ጎንደር ደጋ ከሆነ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እስከ ደባርቅ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይቀረዋል። መኪናው ሞልቶም ሆነ ጎድሎ ሲሄድ የሹፌሩና የረዳቱ አበል ያው ነው፤ የጎማውና የነዳጁ ወጪም ጭነቱ በቀነሰው ልክ አይቀንስም።

ለስሌት ያህል ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የደባርቅ ቸርቻሪ ለገና 100 ኩንታል አመጣለሁ ብሎ መኪና ያዘ እንበል። የኩንታሉ ኪራይ 400 ብር ቢሆን ባለመኪናው 40 ሺህ ብር ይጠብቃል። የመጫኛው ቀን ሲደርስ ግን ቸርቻሪው 60 ኩንታል ብቻ አቀረበ። ገቢው ወደ 24 ሺህ ብር ወረደ፤ ወጪው ግን ባለበት ቀረ። የጎደለው 16 ሺህ ብር ነው።

ባለመኪናው ሦስት አማራጮች አሉት። አንደኛው ኪሣራውን ራሱ መዋጥ ነው። ሁለተኛው መኪናውን አቁሞ ሌላ ጭነት መጠበቅ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ 60ው ኩንታል ከበዓሉ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው የኩንታሉን ኪራይ ከፍ ማድረግ ነው። 40 ሺህውን ለ60 ኩንታል ብናካፍለው ኪራዩ ወደ 667 ብር ይጠጋል፤ ይህም በኩንታል 267 ብር፣ በኪሎ 2 ብር ከ67 ሳንቲም ጭማሪ ነው። ይህን የሚከፍለው በመጨረሻ ግምቱ ላይ ምንም ድርሻ ያልነበራት የደባርቅ እመቤት ናት።

ችግሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዩፒኤስ የተባለው ዕቃ አድራሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የገና ሰሞን ከጠበቀው በላይ ዕቃ ጎርፎበት ብዙ እሽጎች ከበዓሉ በኋላ ደረሱ። በ2014 ያው እንዳይደገም ብዙ ሠራተኛና መሣሪያ አዘጋጅቶ ሳለ የዕቃው ፍሰት እንደተገመተው ባለመሆኑ ለከፍተኛ ወጪ ተዳረገ። በ2017 በበዓል ሳምንታት ወደ መኖሪያ ቤቶች በሚላኩ እሽጎች ላይ ተጨማሪ ክፍያ አስታወቀ። በ2020 ደግሞ ኩባንያው የትልልቅ ላኪዎችን የየካቲት ወር መጠን መነሻ አድርጎ፣ ከዚያ እጅግ አልፎ በሚላከው ላይ ጭማሪ ጣለ። መርሁ አጭር ነው፤ ያልተጠበቀ ጭነት ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያስከትለውን ወጪ ይካፈል የሚል ነው። በኛም አገር ቢሆን ኮንቴይነሩን በተፈቀደለት ቀን ሳያነሣ የቀረ አስመጪ ዲመሬጅ መክፈሉ የተለመደ ነው።

ለመሆኑ ቸርቻሪው ለምን በትክክል አይገምትም? አንዱ ምክንያት የገበሬው ኪስ ነው። በደጋው የገብስና የስንዴ አዝመራ የሚሰበሰበው ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት በመሆኑ፣ ገበሬው ምን ያህል እንደሚገዛ የሚታወቀው እህሉን ሽጦ ገንዘቡን ሲይዝ ነው። መኪናው ግን ከዚያ በፊት መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የነጋዴው የራሱ ጥፋት ነው። ዕቃ እንዳይጠፋበት የሚሰጋ ቸርቻሪ 60 ኩንታል ፈልጎ 100 ያዝዛል፤ አንዳንዴም ለሁለት ለሦስት አከፋፋይ ያንኑ ትእዛዝ ይሰጣል። አከፋፋዩም በበኩሉ ጨምሮ ለአዲስ አበባው ጅምላ ሻጭ ያስተላልፋል። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ይህን በጅራፍ ይመስሉታል፤ እጀታው ላይ ትንሽ የተወዛወዘው ጫፉ ላይ ሲደርስ ይጮኻል። የቡሄ ልጆች ያውቁታል። ሲመሽ ደግሞ ያው ነጋዴ መኪና ተወደደ ብሎ ያማርራል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ወሬን እንደ ግምት መውሰድ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና ወደ አገሩ እንዲገባ ጥሪ ማድረጉ ይታወሳል። ጥሪ ግን ትእዛዝ አይደለም፤ ነጋዴ በጥሪ ቁጥር መኪና አይዝም።

እንግዲህ ለተሳሳተ ግምት ማስከፈል ተገቢ ነው ወይ? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተገቢ የሚሆነው ክፍያው በሁለቱም ወገን ላይ ሲሠራ ብቻ ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ስለ ቀብድ ሲደነግግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ያስቀምጣል። 5 ሺህ ብር ቀብድ የሰጠ ቸርቻሪ ሐሳቡን ቢለውጥ 5 ሺህውን ያጣል፤ ባለመኪናው የበለጠ የሚከፍል አግኝቶ ቢሰወር ግን 10 ሺህ ብር መመለስ አለበት። ቁጥር 1889ም ተዋዋዮች ውሉ ባይፈጸም የሚከፈለውን ኪሣራ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በደላላ ስልክና በቃል ብቻ መኪና የያዘ ነጋዴ ግን ቀብዱን ሲያጣ እንጂ እጥፉን ሲቀበል ማየት ያዳግታል። ማስረጃው የት አለና!

በጽሑፍ የሚደረገው ውል ሦስት ነገሮችን ቢይዝ መልካም ነው። አንደኛ፣ የመቻቻያ ልክ ይኑረው። ለምሳሌ ከ100 ኩንታል 10ሩ ቢጎድል አይጠየቅበት፤ ከዚያ በታች ለሚጎድለው የኪራዩ ግማሽ ይከፈል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ቸርቻሪው ለ30 ኩንታል በ200 ብር ሒሳብ 6 ሺህ ብር ይከፍላል፤ የቀረውን 10 ሺህ ብር ጉድለት ባለመኪናው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመጫኛው ቀን ሰባት ቀን በፊት መጠኑን ያስተካከለ አይቀጣ፤ ባለመኪናው ሌላ ጭነት የሚፈልግበት ጊዜ አለውና። ሦስተኛ፣ መኪናው በቀኑ ካልቀረበ ባለመኪናው በተመሳሳይ ልክ ይክፈል።

አንድ ነገር ግን ከግምት ስሕተት ጋር መደባለቅ የለበትም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በተለያየ ጊዜ ተዘግተዋል። መንገድ ስለተዘጋ ያልተጫነ ኩንታል የነጋዴው የተሳሳተ ግምት አይደለም፤ ያልደረሰ መኪናም የባለመኪናው ስንፍና አይደለም። ሕጉ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው። ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ ካልሰፈረ የግምት ቅጣት የሚባለው ነገር የሰላም እጦትን ዕዳ በደካማው ቸርቻሪ ትከሻ ላይ መጫኛ ይሆናል።

የመጪው ገና መኪና የሚያዘው አዝመራው ሳይገባ ነው። የሚሻለው ያለፈውን ዓመት ደብተር ገልጦ ምን ያህል ተሸጦ ምን ያህል እንደቀረ ማየት፣ መጠኑንም ከዚያ ተነሥቶ መወሰን ነው። ስሕተት አይቀርም፤ ዋጋው ግን በወረቀት ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ ቢያንስ ለበዓሉ ሰሞን ጠብ አይተርፍም።