ቴፕ ልታስቀይሩ ነው? ሽቦውን ማን ሊቆርጠው ነው?

ከጃፓን የመጣች ያገለገለች መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሬዲዮ ከፍቶ ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? ሽሽሽሽ… ይኸው ነው! 97.1 የለ፣ 98.1 የለ፣ 102.1 የለ። ቁጥሩን ወደ ላይ ሲገፋው 90 ላይ ይደርስና ተመልሶ 76 ላይ ቁጭ! “ሻጩ የተበላሸ ሬዲዮ አሸከመኝ” ብሎ የሚንጨረጨረው ብዙ ነው። ኧረ ሻጩን ተዉት ጎበዝ! ሬዲዮው ሙሉ ጤነኛ ነው። ነገሩ የተሠራው ለጃፓን መሆኑ ነው። እዚያ አገር ለረጅም ዘመን ለኤፍ ኤም የተመደበው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ወደ 95 ከፍ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ ነው። የኛዎቹ ኤፍ ኤም አዲስ፣ ፋናና ሸገር ደግሞ ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ መኪናዋ አዲስ አበባ መሀል ቆማ ለአዲስ አበባ ደንቆሮ ናት።

ይባስ ብሎ ሞተር በተነሳ ቁጥር አንዲት ሴትዮ በጃፓንኛ ታወራለች። አንዱ ወዳጄ “እንደምን አደርክ እያለችኝ ነው” ብሎ ስንት ጊዜ በትህትና ሲመልስላት ኖሯል! የምትለው ግን “የመንገድ ክፍያ ካርድ አልገባም” ነው። ይህችኛዋ ሴትዮ ብዙውን ጊዜ ከቴፑ ጋር ዝምድና የላትም። ራሷን የቻለች፣ ዳሽቦርዱ አካባቢ የተሰካች ትንሽ ዕቃ ናት። ቴፑን በስንት ብር አስቀይራችሁ እሷ አሁንም ብታወራ አትደንግጡ፤ ሶኬቷን መንቀል በቂ ነው።

የቸገራችሁ ሬዲዮ ብቻ ከሆነ ቴፕ መቀየርም ግድ አይደለም። ኤክስፓንደር የሚሏት ትንሽ ዕቃ አለች። በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል ትሰካለች፤ ሥራዋ የጣቢያውን ቁጥር ወደ ታች ማውረድ ነው። 20 የምትቀንሰዋን ብትገጥሙ 102.1ን 82.1 ላይ፣ 97.1ን 77.1 ላይ ታገኙታላችሁ። ድምፁ እንደ ዋናው ጥርት አይልም፣ አንዳንዴም ጣቢያ በጣቢያ ላይ ይደራረባል። ግን ዜናና ኳስ ለሚሰማ ሰው ምን አነሰው?

ወጣቱ በዚህ መች ይረካል እንጂ! ስክሪን ይፈልጋል፣ ብሉቱዝ ይፈልጋል፣ ማፕ ይፈልጋል፣ የኋላ ካሜራ ይፈልጋል። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችዋን ቪትዝ ወይም ኮሮላ አሳምሮ ማቆየት ብልህነት ነው። አንዳንዱ የቶዮታ ቴፕ ደግሞ ባትሪ አንዴ ሲነቀልበት “የካርታውን ካርድ አምጡ” ብሎ በጃፓንኛ ይቆለፋል። ካርዱ የታለ? ገና መርከብ ላይ ሳትጫን ጠፍቷል! እንዲህ ያለውን ቴፕ ይዞ መኖር ግድግዳ ማየት ነው።

እናም ቀይሩ። ግን እኛ ሀገር ቴፕ ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ ስክሪኑ ስፋት ነው። መኪናን የሚያቆማት ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ሽቦ ነው።

ሰኞ ሰኞ የምትሞት መኪና

አንድ የሰፈሬ ልጅ አለ። በስልክ እየተጠራ ሰው በማድረስ ሥራ ይተዳደራል፤ መኪናዋ ቪትዝ ናት። እናቱንና ታናሽ እህቱን የሚያስተዳድረው በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት ትልቅ ስክሪን ያለው አንድሮይድ ቴፕ አስገጠመ። ገጣሚው እንደ ጉርሻ አንድ ነገር ጨመረለት፦ “ቁልፍ ሳታስገባም ይሠራልሃል!” ልጁ ደስ አለው። ደንበኛ እየጠበቀ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሙዚቃ ይሰማል። ከዚህ በላይ ምን አለ?

ጥቂት ሳምንት እንደቆየ መኪናዋ ሰኞ ጠዋት አልነሳ አለች። ማክሰኞ ትነሳለች፣ ረቡዕ ትነሳለች፣ ቅዳሜ ድረስ እሳት ናት። ሰኞ ሲመጣ ጭጭ! ለሱ ሥራ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ማለት የሳምንቱ እንጀራ ነው። ሰው ሁሉ ቢሮ ለመድረስ የሚሯሯጥበት ሰዓት። ቪትዟ አውቶማቲክ ስለሆነች በግፊያ አትነሳም። ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል እስኪያስነሳ ድረስ ከሦስት ሰዓት አለፈ፣ የጠዋቱ ሥራ አለቀ። አዲስ ባትሪ ገዛ። ጥቂት ሰኞዎችን ተሻገረና እሱም ተያዘ። አንዱ ጋራዥ “ዲናሞው ነው” አለው፣ ሌላው “ሞተሪኖው ደክሟል” አለው። አንዲት ጎረቤት ደግሞ “ዓይን ነው፣ ጠበል አስረጫት” ብለው መከሩት። ልጁ መኪናዋን ሊሸጣት ደረሰ።

“ጋሼ፣ ምን ባደርግ ይሻለኛል?” ብሎ ሲመጣ እኔ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ጥቂት ነው የሚናገሩት። “እሑድ ትሠራለህ?” አሉት። “ኧረ ጋሼ፣ እሑድ አርፋለሁ።” “ቴፕ ቀይረሃል?” “አዎ።” በቃ፣ ሌላ አልጠየቁም።

መኪናዋን አጠፉ፣ በሮቹን ዘጉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ቴስተር መሀል አስገቡ። የቆመች መኪና ስትተኛ ከባትሪዋ የምትወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፤ በልምድ ከ0.05 አምፔር በታች መሆን አለበት። ቴስተሩ ላይ 0.6 አነበቡ! የቴፑን ፊውዝ ሲነቅሉት ቁጥሩ ወደቀ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስቀመጡለት። የቪትዟ ባትሪ 35 አምፔር ሰዓት ነው። ሥራ በሚበዛበት ቀን ሌሊቱን የሚጠፋውን ዲናሞው ቀን ይመልሰዋል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ግን ወደ 36 ሰዓት ቆማ ትከርማለች። 0.6 ሲባዛ በ36፣ ወደ 22 መጣ። ከባትሪው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። “ልጄ፣ መኪናህ እሑድ እሑድ ያንተን ቴፕ ስትጠብቅ ነው የምትውል” አሉት።

ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ እንዴት? አንድሮይድ ቴፕ ማለት ስልክ ማለት ነው። ስክሪኑ ጨለመ ማለት ተኛ ማለት አይደለም። እንዲተኛ የሚነግረው ቀዩ ሽቦ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ይኼ ነው። ከገበያ ከምንገዛው ቴፕ ጀርባ ከሚወጡት ሽቦዎች ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ነው፤ የመረጣችሁትን ጣቢያና ሰዓቱን የሚያስታውሰው በሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ነው። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር ይያያዛል። ቀሪዎቹ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሽቦዎች ጥቁር መስመር ካላቸው ጓደኞቻቸው ጋር ወደ አራቱ ስፒከሮች ይሄዳሉ። ቢጫና ቀዩ ቦታ ከተቀያየሩ ቴፑ ሞተር ባጠፋችሁ ቁጥር ሁሉን ይረሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ባትሪ ላይ ከተያዙ ደግሞ “ቁልፍ ሳታስገባ ይሠራልሃል” የሚባለው ጉርሻ ይሆናል!

የልጁ ገጣሚ ሌላም በደል ሠርቷል። የመኪናዋን የፋብሪካ ሶኬት ቆርጦ ጥሎታል፣ ሽቦዎቹን ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሏቸዋል። ናስትሮ ደግሞ በፀሐይ የጋለ ዳሽቦርድ ውስጥ ሙጫው ይቀልጣል፣ ይላቀቃል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር እየፈለጉ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ ምክንያቱም ከላይ የነገርኳችሁ ቀለም የቴፑ እንጂ የመኪናው አይደለም። ቶዮታ የራሱ ቀለም አለው፣ ኒሳን የራሱ። በቀለም ብቻ አምኖ የሚያገናኝ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በአንድ በኩል ከመኪናው ሶኬት ጋር፣ በሌላ በኩል ከአዲሱ ቴፕ ጋር የሚገጥም ማገናኛ ሶኬት ይሸጣል። ከቴፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ ይሰካል፣ ነገ ሲፈለግ ይነቀላል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ መጀመሪያ ለመኪናችሁ ሞዴል የሚሆነውን ሶኬት ጠይቁ፣ ቴፑን ከዚያ በኋላ። “አያስፈልግም፣ ቆርጬ አገናኝልሃለሁ” ያላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

ካርቶኑ የሚያወራው

ካርቶኑ ላይ “50 ዋት በ4” ተጽፎ ታያላችሁ። ውሸት ነው ልበል? የንግድ እውነት ነው። ሞተር በርቶ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት አካባቢ ነው፤ በዚህ ጉልበት አንድ ቴፕ ያለ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ለተለመደው ባለ 4 ኦም ስፒከር የሚሰጠው ንጹሕ ድምፅ ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። ከዚያ በላይ ያለው ጩኸት ነው፣ ስፒከር የሚቀድድ። ስለዚህ እኔን ብትሰሙኝ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት፤ መካከለኛ ቴፕና ጥሩ የፊት ስፒከር። የፋብሪካው የወረቀት ስፒከር እንደነበረ ሆኖ ትልቅ ስክሪን ብቻ የገጠመ ሰው በዓይኑ ነው ሙዚቃ የሚሰማው።

ስፋቱንም ለኩ። የተለመደው ትልቁ ቴፕ 18 በ10 ሳንቲ ነው፤ የብዙ ቶዮታዎች ቀዳዳ 20 በ10 ስለሆነ ጎንና ጎኑን የሚሞላ ፍሬም ይፈልጋል። ፍሬም ተገዝቶ ይገጠማል እንጂ ዳሽቦርድ በመጋዝ አይቆረጥም!

ሁለት ነገር ላይ ግን ቀልድ የለኝም። ዳሽቦርድ ሲፈታ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካያችሁ የኤርባግ ነው። ማንም እንዳይነካው፣ በመብራትም በቴስተርም እንዳይሞክረው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ሁለተኛው የእጅ ፍሬን ሽቦ ነው። ቴፑ ቪዲዮ የሚያሳየው የእጅ ፍሬን ሲያዝ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። ገጣሚዎች ይቺን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር አገናኝተው “እየነዳህም ታያለህ” ይላሉ። በቀለበት መንገድ ላይ እየነዱ ክሊፕ የሚያዩ ሾፌሮች ጎን ተቀምጬ አውቃለሁ፤ አንደኛውን “እዚህ ጋ አውርደኝ” ብዬ ነው የወረድኩት። ሽቦዋ በቦታዋ ትያያዝ። ተሳፋሪው ቢሰለቸው የራሱ ስልክ አለው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ፈትሹ። ድምፁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ቀኝ ስትሉ ግራ ከዘፈነ ስፒከሮቹ ተምታተዋል። ሞተር አስነሱና የኤርባግ ምልክቱ በርቶ መጥፋቱን እዩ። ከዚያ አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ጥቂት ጠብቁና ገጣሚውን “በቴስተር አሳየኝ” በሉት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን አዳዲሶቹን መኪናዎች የያዛችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። በእነሱ ላይ ስክሪኑ ቴፕ አይደለም፤ ማቀዝቀዣው፣ ካሜራው፣ የመኪናው ማስተካከያ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ድምፅ ካላማራችሁ ስፒከር አስቀይሩ፣ ስክሪኑን አታስነኩ።

የተነቀለውን የፋብሪካ ቴፕም ለገጣሚው በነጻ አትተዉለት። መኪናዋን ስትሸጡ አንዳንድ ገዢ ይጠይቃል፣ አዲሱን ቴፕ ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ብትፈልጉም የሚመለሰው እሱ ነው። ከነብሎኑና ከነብረቱ ካርቶን ውስጥ አስገቡትና ላዩ ላይ የመኪናዋን ሞዴልና የተሠራችበትን ዓመት ጻፉበት።