በሞተር ሳይክል ከጐዳና ወጥቶ ለሚጓዝ ሠራተኛ የሚስማማውን የእጅ ጂ ፒ ኤስ ስለ መምረጥ

ክቡራን ሹማምንትና ባለ መሬቶች፤ በዛሬው ጊዜ የእርሻ ሠራተኛ በብዙ ወረዳ የሚመላለሰው በበቅሎ ሳይሆን በሞተር ሳይክል መሆኑን ታውቃላችሁ። ሞተር ሳይክል በፍጥነቱ በቅሎን ቢበልጥም በአንድ ነገር ያንሳታል። በቅሎ አንድ ጊዜ የሄደችበትን መንገድ አትረሳም፤ ጌታዋ በኮርቻ ላይ ቢያንቀላፋ እንኳ ወደ ደጁ ትመልሰዋለች። ሞተር ግን የሚሄደው ነጂው ወዳዞረው ብቻ ስለ ሆነ፥ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ሲመሽ ነጂው መንገዱን ከሳተ ሞተሩም አብሮት ይስታል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በእጅ የሚያዝ የጂ ፒ ኤስ መሣሪያ መግዛት ተለምዷል። ነገር ግን አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዋጋው የከበደውን ገዝቶ እንዳይሰበር ሲል በሣጥን ይቈልፍበታል፤ ሌላውም የረከሰውን ገዝቶ በመጀመሪያው ክረምት ይጥለዋል። ስለዚህ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ፥ የትኛው ዓይነት ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማና በምን አኳኋን እንደሚሠራበት ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ስለ መሣሪያው ጠባይ

ጂ ፒ ኤስ የተባለው ሥርዓት አሜሪካኖች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው እንዲዞሩ ባደረጓቸው ሳተላይቶች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በ1970 ዓ.ም ወደ ሰማይ ተላከች፤ ሥርዓቱም ሙሉ ሆኖ መሥራት የጀመረው በ1987 ዓ.ም ነው። እያንዳንዷ ሳተላይት እጅግ የተጣራ ሰዓት ይዛ ምልክት ትልካለች። በእጃችን ያለው መሣሪያ ምልክቱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ሲደርሰውም ያለንበትን ኬክሮስ፥ ኬንትሮስና ከፍታ ይነግረናል።

አስቀድሞ አሜሪካኖች ለጦር ጉዳይ በመጠንቀቅ ለሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለ ነበር፥ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም ቀረ። ዛሬ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ የጥሩ መሣሪያ ስሕተት ከ3 እስከ 5 ሜትር ያህል ነው። ከአሜሪካኖቹም ሌላ ሩሲያ፥ አውሮፓና ቻይና የየራሳቸውን ሳተላይቶች ስላቆሙ፥ መሣሪያ ሲገዛ ከአንድ በላይ የሆኑትን ሥርዓቶች መቀበል መቻሉን መጠየቅ ይገባል። እንደ ዓባይ ሸለቆ ባለ ገደል ውስጥ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ነውና፥ ብዙ ሳተላይት የሚያይ መሣሪያ በዚያ ቦታ ጥቅሙ ጐልቶ ይታወቃል።

ስለ ምርጫው

አንደኛ፤ ኃይሉን ማየት ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ ለሚያድር ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ በየገበያው በሚሸጠው ቀጭን የባትሪ ድንጋይ፥ ማለት ኤኤ በተባለው ይሠራል፤ ሌላው ግን ከውስጡ ባለው ባትሪ ይሠራና ሲያልቅ ኤሌክትሪክ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ለምሳሌ ጋርሚን ከሚባለው ኩባንያ ሥራዎች ኢትሬክስ 22ኤክስ በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል፥ ጂ ፒ ኤስ ማፕ 66 ደግሞ በሁለት ድንጋይ 16 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ ኩባንያው ገልጿል። ሞንታና 700 ግን በውስጥ ባትሪው እስከ 18 ሰዓት ይሠራል። በድንጋይ የሚሠራው ለሩቅ ወረዳ ይሻላል። ነገር ግን ከሱቅ የሚገኘው ርካሽ ድንጋይ ቶሎ ስለሚደክም፥ መልሶ የሚሞላውን ዓይነት ከነመሙያው አብሮ መግዛት ይገባል።

ሁለተኛ፤ መስተዋቱንና ቁልፉን ማየት ነው። በጣት የሚነካ መስተዋት በከተማ ቢያስደስትም፥ በክረምት የዝናብ ነጠብጣብ ሲያርፍበት እንደ ጣት ቈጥሮት ያልታዘዘውን ሊያደርግ ይችላል፤ በጭቃ የቆሸሸ ጓንትም አያሠራውም ይሆናል። ስለዚህ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ለዝናብ አገር ይመረጣል። የመስተዋቱ ስፋት ሌላው ጉዳይ ነው። የኢትሬክስ 22ኤክስ መስተዋት 2.2 ኢንች ብቻ ስለ ሆነ እየነዱ ለማንበብ ያስቸግራል። የሞንታና 700 መስተዋት ግን 5 ኢንች ነው፤ ይኸውም በጓንት እንዲነካ ተብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ከሌሎቹ የመስተዋት መሣሪያዎች ይሻላል። ቢሆንም ነጂ በጠጠርና በገደል አፋፍ ላይ ዓይኑን ከመንገድ ማንሣት አይገባውም። ትንሹ መስተዋት ቆሞ እንዲያይ ቢያስገድደው ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

ሦስተኛ፤ ውኃን መቻሉን ማየት ነው። በመሣሪያው ወረቀት ላይ አይ ፒ ኤክስ 7 የሚል ምልክት ቢገኝ፥ አንድ ሜትር በሚጠልቅ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቈይ እንዳይገባበት ተደርጎ መሠራቱን ያስረዳል። ወንዝ ለሚሻገር ሰው ከዚህ ያነሰው አይበቃውም። የድንጋዩ ክዳን አጥብቆ ካልተዘጋ ግን ይህ ሁሉ ዋስትና ከንቱ ነው።

አራተኛ፤ ካርታ መቀበሉን ማየት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ በውስጡ ያለው ካርታ ለእኛ አገር ገጠር የሚያሳየው ዋና ዋናውን ጐዳና ብቻ ነው። ስለዚህ በትንሽ ካርድ ሌላ ካርታ የሚጨመርበትን መምረጥ ያስፈልጋል። ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የተዘጋጀ ካርታ ያለ ዋጋ ይገኛል። ይህም ቢሆን ሁሉን የእግር መንገድ አይይዝምና፥ የጐደለውን የሚሞላው ሠራተኛው ራሱ የሚመዘግበው መንገድ ነው።

አምስተኛ፤ ዋጋውን ማመዛዘን ነው። ኢትሬክስ 22ኤክስ ሲወጣ የተቈረጠለት ዋጋ 200 ዶላር፥ የሞንታና 700 ደግሞ 600 ዶላር ያህል ነበር። እንግዲህ በአንዱ ትልቅ መሣሪያ ዋጋ ሦስት ትናንሾች ይገዛሉ። ለአንድ ወረዳ ሦስት ሠራተኞች ሦስት ትናንሽ መሣሪያ መያዛቸው፥ አንዱ ትልቁን ይዞ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱ እጅግ ይሻላል። ትልቁ የሚገባው ቀኑን ሙሉ እየነዳ ካርታ ለሚያይ፥ ብዙ ወረዳ ለሚዞር ተቈጣጣሪ ነው።

ብዙዎች የእጅ ስልካችን ይህን ሁሉ ይሠራ የለምን? ብለው ይጠይቃሉ። በእውነትም ስልክ ለመጠባበቂያ ይረዳል። ዳሩ ግን በፀሐይ ይግላል፥ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፥ ሲወድቅም ይሰበራል። ከዚህም በላይ አፕል የተባለው ኩባንያ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2021 ዓመት፥ የኃይለኛ ሞተር ሳይክል ንዝረት የስልኩን ፎቶግራፍ ማንሻ ሊያበላሽ እንደሚችል ራሱ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ስልክ በኪስ ይቀመጥ፤ በሞተሩ መሪ ላይ የሚታሰረው ጂ ፒ ኤሱ ይሁን።

ስለ አስተሳሰሩ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ መሣሪያውን በገመድ አስሮ መንገድ መጀመር ኋላ ያስቈጫል። ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ፥ የጎማ እንክብል ያለበት ማቀፊያ መግዛት ይገባል፤ ጎማው ንዝረቱን ያበርዳልና። ደግሞም ማቀፊያው ቢሰበር መሣሪያው ከመሬት እንዳይወድቅ በጠንካራ ማሰሪያ ከመሪው ጋራ ይያያዝ። በንዝረት ምክንያት ድንጋዩ ከመዳቡ ለቅጽበት ሲለይ መሣሪያው በድንገት መጥፋቱ የታወቀ ነገር ነው። መድኃኒቱ በድንጋዩና በክዳኑ መካከል በልክ የታጠፈ ወረቀት ማግባት ነው፤ ወይም ከሞተሩ ባትሪ በሽቦ ኃይል መስጠት ነው። ነገር ግን የሞተሩ ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን መሣሪያው የሚፈልገው 5 ቮልት ስለ ሆነ፥ መለወጫ ሳይኖር በቀጥታ ቢያያዝ ይቃጠላል።

ስለ ቍጥሩ አጻጻፍ

ከመሣሪያው ምርጫ ይልቅ ጉዳት የሚያመጣው የቍጥር አጻጻፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ዕለቱን በ60 ኬክሮስ እንደሚከፍሉት፥ አንድ ዲግሪም በ60 ደቂቃ ይከፈላል። ሆኖም መሣሪያው ሲታዘዝ ዲግሪውን በመቶ ክፍሎ በነጥብ ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱን ማደባለቅ ምን እንደሚያስከትል የምናገረው ከራሴ ስሕተት ነው።

ከ2011 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የበረሓ አንበጣ አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ መንጋ ያረፈበትን ቦታ የሚያስታውቅ ወረቀት ከአንድ ወረዳ ደረሰኝ። ሠራተኛው በሞተር ሳይክል ሄዶ ቦታውን በትክክል ይዞ ኖሯል፤ የጻፈውም 10 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነበር። እኔ ግን ወደ መዝገብ ስገለብጠው 10.30 ብዬ ጻፍሁት። መርጨት የታዘዙት ሰዎች ቍጥሩን በነጥብ እንደ ተጻፈ ዲግሪ አነበቡት። 10 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በነጥብ ሲጻፍ 10.50 ነውና፥ ሰዎቹ ከመንጋው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሄደው አደሩ። አንበጣ ማታ አርፎ ጧት ፀሐይ ሲሞቀው የሚነሣ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ ሲታወቅ መንጋው ሄዷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል እንደሚበላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስተምራል። በአንዲት ነጥብ የጠፋው እህል የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እንግዲህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ መርጦ በመሣሪያዎቹ ሁሉ ላይ ያስተካክል፤ ከቍጥሩም አጠገብ የቀበሌው ስም ዘወትር ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የካርታ መሠረት ነው። በቢሯችን የሚገኙት የቀድሞዎቹ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መሠረት ነው። መሣሪያው ግን ከፋብሪካ ሲመጣ የተስተካከለው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ነው። ሁለቱን ሳያስማሙ ቦታውን በካርታው ላይ ቢያነቡት ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ስለዚህ ከካርታው ኅዳግ የተጻፈውን አንብቦ መሣሪያውን እንደዚያው ማዘዝ ያስፈልጋል። በዩ ቲ ኤም ለሚጽፍም ጋምቤላ በ36ኛው፥ ባሕር ዳር በ37ኛው፥ ጅጅጋ በ38ኛው ክፍል መሆናቸውን ማወቅና የክፍሉን ቍጥር አለመዘንጋት ይገባል።

መሣሪያው የማይሠራው ሥራ

ለባለ መሬቶች በተለይ የምናስታውቀው አለ። ይህ የእጅ መሣሪያ ለመንገድ እንጂ ለድንበር ክርክር አይሆንም። ስሕተቱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከሆነ፥ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ክንድ ስፋት ሲከራከሩ መሣሪያው ሊዳኛቸው አይችልም። በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን መስመር ምስክር አድርጎ ምልክት ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ቢኖር፥ ሹሙ ሊከለክለው ይገባል። እንዲህ ያለው ነገር በባለሙያ ቀያሽና በተገቢው መሣሪያ ይታይ።

ቀስቱም የሚያመለክተው አሞራ እንደሚበርበት በቀጥታ ነው። በመካከል ገደል ይኑር፥ የሞላ ወንዝ ይኑር አያውቅም፤ በመስተዋቱ 5 ኪሎ ሜትር የቀረው ቦታ በገደል አገር የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀስቱ በተዘራ ጤፍ ላይ ቢያመለክት ደግሞ ገበሬን ሊረዳ የመጣ ሠራተኛ የገበሬን ማሳ እየረገጠ እንዳይሄድ ይታዘዝ። በዳገቱ ላይ ያለው እረኛና በደጁ የተቀመጠው ሽማግሌ የወንዙን መሻገሪያ ከመሣሪያው ይልቅ ያውቁታልና፥ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለዚህ ሠራተኛው ከመነሣቱ በፊት መሣሪያውን በገላጣ ቦታ አብርቶ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ይታገሥ፤ የመነሻውን ቦታ ይመዝግብ፤ የሄደበትንም መንገድ እንዲጽፍ ይዘዘው። ሲመለስም የተመዘገበው መንገድ ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይገልበጥ። አንዱ ሽማግሌ ጠይቆ ያገኘው መሻገሪያ በዚህ አኳኋን ለሚቀጥለው ሠራተኛ ይቈያል፤ ሠራተኛው ቢለወጥ እንኳ የወረዳው የመንገድ እውቀት አብሮት አይሄድም። መሣሪያ የሚገዛው በወረዳው ገንዘብ ነውና፥ በሣጥን ሳይቈለፍ በሥራ ላይ መዋሉንና የተመዘገበውም መቀመጡን መቈጣጠር የሹሙ ፈንታ መሆኑን በአክብሮት እናሳስባለን።