የመናፍስት ሥዕል በጥቅል ላይ፦ ከኪዮቶ እስከ ዴንቨር

በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ፣ በአክሱም ስም የተሰየመ አንድ የሕዝብ መናፈሻ አለ፤ ታካያማ በምትባል የጃፓን ከተማ ስም የተሰየመም ሌላ አለ። ዴንቨር በ1960 ከታካያማ ጋር፣ በ1995 ደግሞ ከአክሱም ጋር የእኅት ከተማነት ውል አድርጋለችና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ከዴንቨር ጋር በምትዋሰነውና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኦሮራ ተቀምጦ ስለ ጃፓን ጥንታዊ ሥዕል በአማርኛ የሚጽፍ ሰው፣ ወደ ጎረቤት ቤት ጎራ እንዳለ እንጂ ባሕር እንደ ተሻገረ አይሰማውም። እኔም ከሥዕሎቹ ሁሉ መርጬ የምናገረው ስለ አንድ ወገን ነው፤ ይኸውም የሙታንን መንፈስ፣ አጋንንትንና ልዩ ልዩ ረቂቃን ፍጡራንን በሐርና በወረቀት ጥቅል ላይ ግዙፍ አካል አልብሶ የሚያሳየው ወገን ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎች እንዲህ ያለውን ሥዕል ሲያዩ «የሰይጣን ሥዕል» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አባቶቻችን ራሳቸው የአጋንንትን ስም በብራና ጥቅል ላይ ሲጽፉ፣ መልካቸውንም ሲሥሉ መኖራቸውን ላሰበ ሰው ግን ይህ ፍርድ የተቻኮለ ነው።

ጃፓኖች ይህን ረቂቅ ዓለም በሁለት ስም ይለዩታል። ዩሬይ የሚሉት ቂም፣ ናፍቆት ወይም ሳይፈጸም የቀረ ጉዳይ ከዚህ ዓለም ጋር አስሮ ያስቀረው የሞተ ሰው መንፈስ ነው፤ ሐዋርያት ጌታን በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩት ጊዜ በድንጋጤ የተናገሩት ቃል፣ «ምትሐት» የሚለው፣ ለዚህ ስም ከሁሉ የቀረበ ፍቺ ይመስለኛል። ዮካይ የሚሉት ግን በአብዛኛው ሰው ሆኖ የማያውቅ ፍጡር ሲሆን፣ ቀንድ ያበቀለውና ሰው የሚበላው ኦኒ፣ አፍንጫው የረዘመው የተራራ ቴንጉ፣ በወንዝ ውስጥ የሚያደባው ካፓ በዚሁ ስም ይጠቃለላሉ፤ ጭራቅን በእሳት ዳር ተረት ላወቀ ልጅም ኦኒ እንግዳ አይሆንበትም።

ሥዕሎቹ የሚገኙባቸው ጥቅሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ካኬሞኖ የሚባለው በግድግዳ ላይ ወደ ታች ተዘርግቶ የሚሰቀል ነው። ኤማኪ የሚባለው ግን አይሰቀልም፤ ተመልካቹ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጥቅሉን በፊቱ ያኖርና በግራ እጁ የትከሻ ስፋት ያህል እየፈታ፣ ያየውንም በቀኝ እጁ መልሶ እየጠቀለለ፣ ታሪኩን ከቀኝ ወደ ግራ ያነበዋል። ስለዚህ የሚመጣው ነገር ሁልጊዜ በግራ እጁ ጥቅል ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል፤ የሚያስፈራውን ገጽ የሚገልጠውም ሠዓሊው ሳይሆን የተመልካቹ የራሱ እጅ ነው። ለመናፍስት ታሪክ ከዚህ የተስማማ መጽሐፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከጥንታውያኑ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሣለው የጋኪ ጥቅል ነው፤ ዛሬ አንዱ በቶኪዮ፣ ሌላው በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል። ጋኪ ማለት በሕይወት ሳለ በስስትና በንፉግነት በመበደሉ ከሞት በኋላ በማያልቅ ረኃብ የሚቀጣ ነፍስ ነው፤ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ እጅና እግሩ እንደ ጭራሮ የቀጠነ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ። በቶኪዮው ጥቅል ላይ መኳንንቱ ግብር ላይ ተቀምጠው የዜማ መሣሪያ እየመቱ ሲደሰቱ ጥቃቅን ጋኪዎች በአካላቸው ላይ ተለጥፈው ይታያሉ፤ በሌላው ገጽ አንዲት ሴት ስትወልድ፣ ሴቶቹ በዙሪያዋ ሲራወጡ፣ አንድ ጋኪ ወደ ሕፃኑ እጁን ይዘረጋል። በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንድም የሚያየው የለም፤ የሚያየው ጥቅሉን የፈታው ሰው ብቻ ነው። ሠዓሊው ለጋኪው የሰጠው ፊትም የክፉ ፊት አይደለም፤ የተራበ ሰው ፊት ነው፤ ረኃብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ልጅ ይህን ሥዕል ዝም ብሎ ሊያልፈው አይቻለውም።

የኪዮቶው ጥቅል የሞኩሬንን ታሪክ ይዟል። ሞኩሬን የቡድሃ ደቀ መዝሙር ነበር፤ እናቱ ከሞተች በኋላ ከጋኪዎች መካከል ወድቃ አገኛት፤ የሚበላ ቢያቀርብላት ምግቡ ከአፏ ሳይደርስ እሳት ሆነ። መምህሩም በሰባተኛው ወር በዐሥራ አምስተኛው ቀን መነኮሳትን እንዲያበላ አዘዘው፤ ይህን ቢያደርግ እናቱ ከሥቃይዋ ዳነች፤ እርሱም ከደስታው ብዛት ዘለለ ይባላል። ኦቦን የሚባለው የሙታን መታሰቢያ በዓል ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በ1916 የተመሠረተው የዴንቨር ቡድሃውያን መቅደስ ምእመናን በየዓመቱ በሐምሌ ወር፣ በመሀል ከተማ በሳኩራ አደባባይ አጠገብ፣ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩት ጭፈራም የዚያው የሞኩሬን ደስታ መታሰቢያ ነው። ለሞተው ነፍስ ዕረፍት ብሎ በአርባው ቀን ካህናትንና ነዳያንን የሚያበላ፣ ተዝካር ያልወጣለትን ሙት እንደ ተራበ የሚቆጥር ሕዝብ ይህን ሥርዓት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ሃይማኖታችን ሌላ ነው፤ ለወላጅ ነፍስ መጨነቁ ግን አንድ ነው።

በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ከተሣሉት ጥቅሎች አንዳንዶቹ ደግሞ ጀግና ጭራቅን ሲገድል የሚያሳዩ ናቸው፤ ሚናሞቶ ኖ ዮሪሚትሱ የተባለው ጦረኛ ግዙፉን ሸረሪት ሲያጠፋና በኦኤ ተራራ የሚኖረውን ሹተን ዶጂን አንገቱን ሲቆርጥ የሚታይባቸው የዚህ ዓይነት ናቸው። በእኛ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ የሚታየውን ሥዕል ለሚያውቅ፣ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በኪዮቶ በዳይቶኩጂ ገዳም፣ ሺንጁአን በሚባለው ክፍል የሚጠበቀውና «የመቶ አጋንንት የሌሊት ጉዞ» የተሰኘው የዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጥቅል ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በውስጡ የሚታየው ዕቃ ነው። መቶ ዓመት ያገለገለ ዕቃ መንፈስ ያድርበታል፣ ባለቤቱ ከጣለውም ይቀየማል የሚል እምነት ነበራቸውና፣ ሠዓሊው የተጣሉትን ዕቃዎች እጅና እግር አበቀለላቸው፤ ራሱ ቢዋ የተባለው ክራር መሰል መሣሪያ የሆነ ፍጡር፣ ኮቶ የሚባለውን ረጅም ባለ አውታር መሣሪያ እንደ ከብት በገመድ እየጎተተ ይሄዳል፤ ጃንጥላው፣ ጫማው፣ ድስቱ ሁሉ ነፍስ ዘርቶ እየዘለለ ይከተላል። በመጨረሻ ታላቅ ቀይ የእሳት ክብ ብቅ ይላል፤ አጋንንቱም እየተደነቃቀፉ ይሸሻሉ። አንድም የጽሕፈት ቃል ሳይኖርበት፣ በቀለምና በመስመር ብቻ፣ የአንድን ሌሊት ጩኸት የሚያሰማ ሥራ ነው፤ በየዘመኑ የተነሡ ሠዓሊዎችም ደጋግመው ገልብጠውታል።

ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሰላም ሰፍኖ ከተሞች ሲስፋፉ መናፍስቱ ከገዳም ወደ ገበያ ወጡ። ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን በ1776 ያሳተመው መጽሐፍ ዮካዮችን እያንዳንዳቸውን ከነስማቸው በየገጹ አስቀምጧል። ማሩያማ ኦክዮ (1733–1795) ደግሞ ነጭ መግነዝ የለበሰች፣ ጠጉሯ የተለቀቀ፣ ከወገቧ በታች እንደ ጢስ የምትጠፋ ሴት ሣለ፤ እግር የሌለውን ዩሬይ ለጃፓን ያስለመደ እርሱ ነው እየተባለ ይነገራል። ከእርሱ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ አዲስ ጥበብ ጨመሩ፤ በሥዕሉ ዙሪያ የሚለጠፈውን የሐር ክፈፍ ራሱን በቀለም አስመስለው ሠርተው፣ የመንፈሱን ጠጉር ወይም የልብሱን ጫፍ ከክፈፉ አሳልፈው ሣሉት፤ ስለዚህ መንፈሱ ከሥዕሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ የገባ ይመስላል። ዝነኛው ተራኪ ሳንዩቴይ ኤንቾ (1839–1900) የሰበሰባቸው 50 ያህል እንዲህ ያሉ ጥቅሎች በቶኪዮ በዜንሾአን ገዳም ይገኛሉ፤ ገዳሙም በየዓመቱ በነሐሴ ያሳያቸዋል። ወሩም ለዚህ የተስማማ ነው፤ የመናፍስት ታሪክ በበጋ ሙቀት ሰውነትን በፍርሃት እንደሚያቀዘቅዝ ጃፓኖች ከጥንት ይናገራሉና።

ወደ ዴንቨር ስመለስ፣ የከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም የእስያ ክምችቱን የጀመረው በ1915 ዋልተር ሚድ የተባሉ ሰው የቻይናና የጃፓን ዕቃዎችን በሰጡት ጊዜ ነው፤ ዛሬም በ1971 በተሠራው፣ ግንብ በሚመስለው ሕንፃ ውስጥ የጃፓን ሥዕል ይታያል። ብርሃን የሐርን ቀለም ስለሚያስለቅቅ፣ በየትም ሙዚየም ቢሆን ጥቅል ጥቂት ወራት ታይቶ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ሄዶ ያጣ ሰው ደግሞ ይሂድ እላለሁ። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ባለችው በዚህች ደረቅ ከተማ ሌላም ጠላት አለ፤ በስንዴ ሙጫ የተለጠፈው ወረቀትና ሐር እርጥበት ሲያጣ ይጨማደዳል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። ጃፓኖች የእርጥበትን መለዋወጥ ለመከላከል ጥቅሉን ኪሪ ከሚባል ቀላል እንጨት በተሠራ ሣጥን ያኖሩታል፤ እንጨቱ በእርጥብ አየር አብጦ ክዳኑን ያጠብቃል።

የእኛ ክታብም እንዲሁ ጥቅል ነው። ደብተራው የፍየል ወይም የበግ ብራና ፍቆ፣ ቁራጮቹን ሰፍቶ፣ ርዝመቱን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያደርገዋል፤ ጸሎቱን በጥቁር ቀለም፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ይጽፋል፤ በመካከሉም በስምንት ማዕዘን ኮከብ ውስጥ የተከፈቱ ዓይኖች ያሉት ፊት ይሥላል። በጃፓን ጥቅል መንፈሱ ይታያል፣ ሰው ያያል፤ በክታብ ግን ጋኔኑ በበሽተኛው ዓይን በኩል ሥዕሉን እንዲያይና ደንግጦ እንዲወጣ የታሰበ ስለሆነ፣ የሚያየው ጋኔኑ ነው፣ የሚታየውም ሥዕሉ ነው። በጃፓኑ ጥቅል ላይ የተራበው ነፍስ ርኅራኄያችንን ይለምናል፤ በክታቡ ላይ ያሉት ዓይኖች ግን ከእኛ ምንም አይለምኑም፤ ስለ እኛ ይጠብቃሉ እንጂ። ብዙው ክታብም አንገት ላይ እንዲንጠለጠል በቆዳ ተሰፍቶ ስለሚዘጋ፣ ያሠራው ሰው እንኳ ዕድሜ ልኩን ሳይከፍተው ይኖራል፤ ዓይኖቹም በቆዳው ጨለማ ውስጥ እንደ ተከፈቱ ናቸው።